ፖዘቲቭ የተባለ ደም

እማዋይሽ የመምህራኑን የስም ዝርዝር ከላይ ወደ ታች በጣቷ እየተከተለች ስታነብ፣ አርባ አንደኛው ተራ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። 

ኅዳር 2007 ዓ.ም. ነበር። በሸኮ ቡና የሚለቀምበት ወር ስለሆነ በየደጁ ቀይ ፍሬ እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ ዝናቡ ደግሞ እንደ ልማዱ ወቅቱን ሳይጠይቅ ይመጣል ይሄዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት ግቢ፣ በዋንዛው ጥላ ሥር፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የበረዶ ሳጥን ተቀምጧል። ከጅማ የመጣችው ዶክተር ረቢያ ከድር ትልቅ ጥናት ይዛለች። የአካባቢው ተማሪዎችና መምህራን ደም ኩፍኝን፣ ሩቤላንና የጉበት ቫይረስን የመከላከል አቅም ይኑረው አይኑረው ልታውቅ ነው የመጣችው። እማዋይሽ ዶክተሯ አማን ካለው ሆስፒታል ለሦስት ሳምንት የተዋሰቻት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሥራዋ ደም መቅዳት፣ ቱቦው ላይ ቁጥር መለጠፍ፣ ወደ በረዶ ሳጥኑ ማስገባት ነው። እጇ የማያሳምም እጅ ነው ይሏታል፤ ሕፃናቱ እንኳ መርፌው መግባቱን የሚያውቁት ከወጣ በኋላ ነው።

«ምነው ደነገጥሽ?» አለቻት ዶክተር ረቢያ።

«አንድ መምህር ቀርቷል።»

«ማን?»

«አርባ አንድ ቁጥር» አለች እማዋይሽ። ስሙን ለመጥራት ምላሷ አልታዘዝ አላት።

ጴጥሮስን መጀመሪያ ያገኘችው በአውቶብስ ነው። እሷ ጅማ ላቦራቶሪ ትማር ነበር፤ እሱ ቴፒ ዩኒቨርሲቲ። ከቦንጋ ወዲህ ባለው ዳገት አውቶብሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሹፌሩን ሲራገም፣ አንድ ረጅም ልጅ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሳይናገር ከኋላ መግፋት ጀመረ። ሲጨርስ ፊቱ ሁሉ ጭቃ ነበር። እሷ መሐረብ ሰጠችው፤ እሱ ከኪሱ ኮሮሪማ አውጥቶ «ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው» አላት። እንዳቅለሸለሻት ለማንም አልተናገረችም። በምን እንዳወቀ ስታስብ ሚዛን ከተማ ደረሱ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ተጻጻፉ። ስልክ ነበራቸው፤ ግን እሱ ሸኮ መምህር ሆኖ ከሄደ በኋላ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ጉብታ ላይ ወጥተው ሲቆሙ ነው። ጴጥሮስ ደግሞ ጉብታ ላይ ቆሞ እየጮኸ ፍቅር ማውራት አይሆንለትም።

አባቷ አቶ ወልደጻድቅ በሚዛን የታወቁ ቡና አቅራቢ ናቸው። አያታቸው ከመንዝ መጥተው ነው እዚህ የሠፈሩት። ልጃቸው የሸኮ ብሔረሰብ ልጅ እንደወደደች የሰሙ ቀን ጴጥሮስን ቤታቸው አስጠርተው፣ ሳያስቀምጡት፣ «ደም ከደም ይመረጣል፤ የኔና ያንተ አይገጥምም» አሉት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያን ጊዜ ግን ተስፋ አልቆረጠም። «ሽማግሌ እልካለሁ፤ ዘጠኝ ጊዜ ቢመልሱኝ አሥረኛውን እልካለሁ» ብሎ ጻፈላት። ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦

«እማዋይሽ፣ አባትሽ ልክ ናቸው። እኔና አንቺ አንድ ጎጆ የምናቆም እንጨት አይደለንም። ከዛሬ በኋላ አትጻፊልኝ፤ ብትጽፊም አልመልስም። የምትበልጥሽ አግኝቼ እንዳይመስልሽ። ልቤ ደከመ፣ ያው ነው። እግዚአብሔር ላንቺ የሚሆነውን ይስጥሽ። ጴጥሮስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዋይሽ ከአባቷ ጋር «እንደምን አደሩ» እና «ደህና እደሩ» ካልሆነ ሌላ ቃል የላትም። አባትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር እንደ ሁለት ተከራይ ሆኑ። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ። አሁን ያ ስም ወረቀቱ ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፎ ሲያያት፣ ቂሙ ነው ናፍቆቱ መጀመሪያ የመጣባት፣ መለየት አቃታት።

የመቅጃ ዕቃዋን ይዛ ልትጠራው ስትሄድ ጴጥሮስን ያገኘችው አምስተኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ ብቻውን ተቀምጦ ደብተር ያርማል። ከስቷል። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ግን ትከሻው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። ቀና ብሎ ሲያያት እርሳሱ ከእጁ ወደቀ።

«መምህር ጴጥሮስ፣ ስምህ ተጠርቶ አልመጣህም» አለች። ድምፅዋን የሥራ ድምፅ ለማድረግ መንገድ ላይ ተለማምዳ ነበር።

ተነስቶ ወደ ሰሌዳው አፈገፈገ። «የምትቀጂው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ጭራሽ አይሆንም።»

ሦስት ዓመት የታመቀው ነገር ገንፍሎ ወጣባት። «የአባቴ ቃል ዛሬም ይቆጠቁጥሃል? ‹ደማችን አይገጥምም› ስላሉህ ነው ደምህን የምትነፍገኝ? ያኔም ሸሸህ፤ አሁንም ትሸሻለህ። እኔ አንድ ቃል ያሸነፈውን ሰው ነበር ለካ ስጠብቅ የኖርኩት!»

«ስለ አባትሽ አይደለም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «መቼም ስለ አባትሽ አልነበረም፣ እማዋይ።»

እማዋይ። እንዲህ ብሎ የሚጠራት በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

ከመሳቢያው መጽሐፍ ቅዱስ አወጣ። ከገጾቹ መካከል በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ወረቀት መዘዘ፤ ግን አልሰጣትም፣ ያዛት ብቻ።

«ሽማግሌ ልልክ ባሰብኩበት ሳምንት፣ ላንቺ ንጹሕ ሆኜ ልምጣ ብዬ ሚዛን አንድ ክሊኒክ ሄጄ ተመረመርኩ። ኤች አይ ቪ የለብህም አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ሰውየው ‹ቆይ፣ የጉበት ቫይረስ ፖዘቲቭ ነህ› አለኝ። በትዳር ይተላለፋል አለኝ። ለሚወለደው ልጅም ይተርፋል፤ ጉበትን ቀስ እያለ ይጨርሳል፤ መዳን የለውም አለኝ። ከዚያ እስከ ሸኮ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ መኪና እንዳለ ትዝም አላለኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች፤ ቃሉ እንደ ሹክሹክታ ወጣ።

«ብነግርሽ ትተዪኝ ነበር?»

«አልተውህም ነበር!»

«ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ።»

ውጭ ልጆች እየተንጫጩ ኳስ ያባርራሉ። እማዋይሽ እጇን ዘረጋች፤ እሱም ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ራቅ አለ፤ ከእጅ ወደ እጅ ማቀበሉን እንኳ ፈርቶታል። አነሳችው። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። አምስት መስመር ነው። አምስቱም የጉበት ቫይረሱ ምርመራዎች ናቸው፤ ሁለቱ ላይ የመደመር ምልክት አለ፤ አንዱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ወደ መስኮቱ ተጠግታ፣ ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አቅርባ፣ ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው።

የምርመራው ስም በእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃል ነው የሚጻፈው፤ በሥራው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቅላት አንዲት የመጨረሻ ፊደል አለች። ስሙ በ«ጂ» ሲያልቅ ቫይረሱ ራሱ ደም ውስጥ አለ ማለት ነው። በ«ቢ» ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሰውነት ቫይረሱን ሊከላከልበት ያበጀው አንቲቦዲ አለ ማለት ነው። በ«ጂ» የሚያልቀው የመጀመሪያው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክት ነው ያለው። በቀይ የተሰመረበት መስመር የሚያልቀው በ«ቢ» ነው።

የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልትነግረው ፈልጋ ተወችው። ሙቀት የነካው መመርመሪያ እንደሚዋሽ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ የተሳሳተ እጅ ሁለቴ ሊሳሳት እንደሚችልም ታውቃለች። የሞተ ተስፋ አስነስታ መልሳ ብትገድልበትስ?

«ምን ሆንሽ?» አላት ጴጥሮስ፤ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራምዶ መልሶ ቆመ።

«አንድ ነገር ልለምንህ። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።» ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር። «ክንድህን ስጠኝ።»

 እጅጌውን ሰበሰበ።

«ጓንቱን ሁለት አድርጊ» አላት።

አንድ ይበቃ ነበር። እሷ ግን እሱ እንዲረጋጋ ሁለት አደረገች። ጎማውን ክንዱ ላይ ስታስር፣ ደም ሥሩን በጣቷ ጫፍ ስትፈልግ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነካችውን ሰው በሁለት ጓንት ውስጥ ሆና ነካችው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደሙ ጥቁር ቀይ ሆኖ፣ ሞቆ፣ ሳይቸኩል ወደ ቱቦው ገባ። እማዋይሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ደም ቀድታለች፤ አንዱንም ፈርታው አታውቅም። ያን ቀን ግን ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ውስጡ ምን ተጽፎ ይሆን እያለች፣ ታቦት ፊት እንደቆመ ሰው ፈራችው።

ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ውጤት እስኪመጣ ሃያ አራት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት እማዋይሽ ሥራዋን ትሠራለች፤ ሰው ሲያናግራት ትመልሳለች፤ ከዚያ ውጪ የት እንዳለች ራሷም አታውቅም። ቤት ስትገባ አባቷን በስርቆሽ ትመለከታለች። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሬድዮ ሲያዳምጡ፣ ጋዜጣ ይዘው ሲያንቀላፉ ታያቸዋለች። ክፉ ቃል መናገራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ያስከፈለቻቸው ላልሠሩት ጥፋት ነው። 

በሃያ አራተኛው ቀን ዶክተር ረቢያ አማን ሆስፒታል ላቦራቶሪ መጣች። መጀመሪያ ያነሳችው የሠራተኞቹን ውጤት ነው፤ የጥናቱ ባለሙያዎችም ደም ሰጥተው ነበርና።

«ነይማ አንቺ» አለቻት። «ለኩፍኝ ጥሩ መከላከያ አለሽ። ለጉበት ቫይረስ ግን ባዶ ነሽ። ባዶ! በየቀኑ የሰው ደም እየነካሽ! ዛሬውኑ የመጀመሪያውን ክትባት ትወስጃለሽ፤ ከወር በኋላ ሁለተኛውን፣ በስድስት ወሩ ሦስተኛውን።»

እማዋይሽ ክንዷን ሰጠች። መርፌው ሲገባ አልተሰማትም።

«ይገርመኛል» አለች ረቢያ፣ ጥጡን ክንዷ ላይ እየጫነች። «ሃያ ዓመት ይህን ሥራ ሠርቻለሁ፤ ዛሬም ይገርመኛል። ጅማ አንዲት የሰባ ዓመት እናት መርምሬ ነበር። ክትባት የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ኩፍኝ የያዛቸው ገና ሳይድሁ መሆን አለበት፤ እሳቸው አያስታውሱትም፤ የሚያስታውስላቸው ዘመድም በሕይወት የለም። ደማቸውን ሳየው ግን ያ ሁሉ ዘመን አልፎም ለኩፍኝ ዘብ ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤቲቱ የረሳችውን ሰውነቷ አልረሳውም። ይህን ያደረገ ጌታ ምን ይባላል? ሱብሃነላህ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።»

ከዚያ ከቦርሳዋ የታሸገ ፖስታ አወጣች። ላዩ ላይ «41» ተጽፏል።

«ይሄ አድራሻው ሩቅ ነው፤ አንቺ ብታደርሺው ይሻላል አልኩ» አለች። «ውጤት የባለቤቱ ነው፤ ካልፈቀደ አይከፈትም። ደግሞስ ይሄ አርባ አንድ ቁጥር ማነው?»

«መምህር ነው።»

«መምህርማ ብዙ አለ» አለች ረቢያ። ፈገግ ብላ ቦርሳዋን ዘጋች። እማዋይሽ የዶክተሯን ፊት በደንብ መረመረችው፤ ደስታም ሐዘንም ሊነበብ አልቻለም። ፖስታው እጇ ላይ እንደ ቅጠል ቀሎ፣ ልቧ ላይ ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሸኮ ደረሰች። የጴጥሮስ እናት ወይዘሮ ካሰች ደጃፋቸው ላይ የተሰጣውን ቡና በእጃቸው ያገላብጣሉ። ቤቱ ከእንሰት ተክል ጀርባ ነው፤ ከእሱ በስተኋላ ጫካው ይጀምራል። እማዋይሽን አይተዋት ባያውቁም ማን እንደሆነች አልጠየቁም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሁለት ጉንጯን ያዙና «መጣሽ» አሉ ብቻ።

ጴጥሮስ ከውስጥ ወጣ። ፖስታውን ሲያይ የፊቱ ቀለም ጠፋ።

«ምንድን ነው?»

«ደምህ ነው» አለችው። «ያኔ ምክንያቱን አትጠይቀኝ ብዬህ ነበር። አሁንም አልነግርህም፤ እሱ ይንገርህ።»

ፖስታውን ተቀብሎ አገላበጠው።  መለሰላት። «የመጀመሪያውን ብቻዬን ሰማሁት። ሁለተኛውን ብቻዬን አልሰማም። አንቺ አንብቢው፤ እናቴም ትስማ፤ ይብቃኝ መደበቅ።»

ከፈተችው። ዓይኗ የሚፈልገውን መስመር እስኪያገኝ አንድ ዕድሜ የሄደ መሰላት። ከዚያ አገኘው። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«እማዋይ፣ ተናገሪ እንጂ!»

«የለም» አለች።

«ምኑ?»

«ቫይረሱ የለም፣ ጴጥሮስ። ያኔም አልነበረም። ፖዘቲቭ የተባለው መድኃኒትህ ነበር እንጂ በሽታህ አልነበረም።» አሁን እያለቀሰች፣ እየሳቀችም ነበር። «ሰውየው አንዲት ፊደል ተሳስቶ ነው። ይኸው፣ እዚህ ጋ፦ አንድ ቀን ቫይረሱ ይዞህ ነበር። ሰውነትህ ተዋግቶ አሸንፎታል። ካሸነፈ በኋላም ተመልሶ እንዳይገባ አንቲቦዲ አቁሞበታል። ጴጥሮስ፣ አንተ ከማንኛችንም ይልቅ የተጠበቅህ ነህ። አይዝህም። ከአንተ ወደ ማንም አይሄድም። ወደ እኔም። ወደ ልጅም።»

ጴጥሮስ ቃሉን እንደማያውቀው ቋንቋ ሰማው። «መቼ ነው የያዘኝ? እኔ ታምሜ አላውቅም።»

ቡና ከሚያገላብጡበት ወይዘሮ ካሰች ቀና አሉ።

«ታመሃል» አሉ። አማርኛቸው በቀስታ፣ ቃል በቃል ነው የሚወጣው። «አምስት ዓመትህ ነበር። ዓይንህ ቢጫ ሆነ። ሽንትህ ጥቁር ሆነ። ሰው ‹የወፍ በሽታ ነው› አለ። ምግብ እምቢ አልክ። እኔ አልጋህ ሥር ተኛሁ፤ ማር በውሃ በጣቴ አቀመስኩህ። አንድ ቀን እጅህ ቀዘቀዘ፤ ጎረቤት መጣ፣ ለቅሶ ጀመረ። እኔ ‹ውጡ› አልኳቸው። ‹ልጄ ገና አልጨረሰም› አልኩ።» አንድ እፍኝ ቡና አገላበጡ። «ጠዋት ‹እማ፣ ራበኝ› አልከኝ። አንተ ልጅ ነህ፤ ረሳህ። እኔ ግን ዛሬም እጅህን ስነካ ሙቀቱን አያለሁ።»

 ከጫካው የአንድ ጉሬዛ ጩኸት ተሰማና አለፈ። እማዋይሽ ወረቀቱን አየች፤ ሴትዮዋን አየች። ትልቁ ማሽን ከአዲስ አበባ በቁጥር የጻፈውና እኚህ መጻፍ የማይችሉ እናት የተናገሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ያ ጠዋት፣ ያ «ራበኝ» የሚል ቃል፣ በዚህ ሰው ደም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሳይደበዝዝ ተቀምጧል። እሱ ተኝቶ ሲነሣ፣ ሲማር፣ ሲወድ፣ ሞቴ ደረሰ ብሎ ሲያለቅስ እንኳ፣ ያ ጥበቃ ውስጡ ነበረ። 

«ሦስት ዓመት ለብቻው ይበላል» አሉ ወይዘሮ ካሰች፣ አሁን ለእማዋይሽ ብቻ። «ለብቻው ይጠጣል። የእህቱን ልጆች አያቅፍም። እኔ ‹ምን አደረግሁት› እላለሁ።»

«በጽዋም፣ በሰሃንም፣ በማቀፍም አይተላለፍም ነበር እኮ!» አለች እማዋይሽ ወደ ጴጥሮስ ዞራ። «ቢኖርብህ እንኳ አይተላለፍም ነበር። ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ማንም» አለ ጴጥሮስ። «ራሴ ነኝ። ፍርሃቴ ነው።»

ዞሮ ወደ ቡናው ዛፎች ገባ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል። እማዋይሽ ልትከተለው ስትል እናቱ ክንዷን ያዙ፤ «ተይው። ሦስት ዓመት ነው የሚያለቅሰው።» ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። የእናቱን የውሃ ቅል ከእጃቸው ተቀብሎ፣ እሳቸው ከጠጡበት ጠርዝ፣ እስኪጨርሰው ጠጣ። ከዚያ ለእማዋይሽ ሌላ ቀድቶ በሁለት እጁ አቀበላት። ጣቶቻቸው ተገናኙ፤ ማንም አልሸሸም። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እሷን ግን እስከ ልቧ ድረስ አሞቃት።

«ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አባትሽን ማየት አለብኝ» አለ ጴጥሮስ።

«ምን ልትላቸው?»

«በስማቸው ዋሽቻለሁ እኮ።»

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አቶ ወልደጻድቅ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ጴጥሮስ የግቢውን በር አንኳኳ። እማዋይሽ ከፈተችለት። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩት፤ አወቁት።

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለ ጴጥሮስ፣ ደረጃው ሥር ቆሞ።

«አንተ? እኔን?»

ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ምርመራው፣ ስለ ወረቀቷ፣ ስለ ደብዳቤው፣ እማዋይሽ ስለጀመረችው ክትባት ሳይቀር። «የሸሸሁት በሽታዬን ፈርቼ ነው። ለልጅዎ የጻፍኩት ግን ‹አባትሽ ልክ ናቸው› ብዬ ነው። የራሴን ጥፋት በእርስዎ ላይ ጫንኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የተቀመጠው ዝምታ የኔ ነው፤ የእርስዎ አይደለም።»

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እማዋይሽ ሮጣ እግራቸው ሥር ወደቀች። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሳልጠይቅዎ ፈረድኩብዎ።»

ሽማግሌው ራሷ ላይ እጃቸውን ጫኑ። 

«ተነሺ፣ ልጄ። ፍርዱ ያለ ቦታው አልወደቀም። ‹ደም ከደም ይመረጣል› ብያለሁ። ብያለሁ አይደል?» አሉ ወደ ጴጥሮስ።

«ብለዋል፣ ጋሼ።»

«ከአባቴ የሰማሁት ነው፤ አባቴም ከአባቱ። ሳላላምጥ የዋጥኩት ቃል ነበር።» የአዲስ አበባውን ወረቀት እንዲያሳያቸው በእጃቸው ጠቆሙት፤ ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት፤ ቋንቋውን አያውቁትም፤ ግን እንደ ፀሎት መጽሐፍ በክብር ያዙት። «ይሄ ነው ደምህ? ሞትን ያህል ነገር በልጅነቱ መልሶ የሰደደ? የኔ ልጅ ደግሞ በዚሁ ነገር ባዶ ሆና በመርፌ ይሞሏታል አልከኝ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዚአብሔር ሰውን ሲሠራ እኛን አላማከረንም። እንኳንም አላማከረን!»

ወንበር ሳቡለት። ቁጭ በል አሉት። ጴጥሮስ ተቀመጠ። ከታች ከመንገዱ ባጃጅ ጥሩምባዋን እያሰማች አለፈች።

«ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉ አቶ ወልደጻድቅ በመጨረሻ። «ከሸኮ ይምጡ። እናትህም ትምጣ።» ከዚያ እንደ መሸማቀቅ አሉ፤ እማዋይሽ አባቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። «እዚህ አገር ተወልጄ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቡናቸውን ስቀበል፣ ማራቸውን ስበላ ኖሬ ቋንቋቸውን አላውቅም። እናትህ እዚህ በር ላይ ስትደርስ ‹እንኳን ደህና መጣሽ› ልላት እፈልጋለሁ። በናንተ ምን ይባላል?»

ጴጥሮስ ነገራቸው።

ደገሙት፤ ተሳሳቱ። ጴጥሮስ ሳይስቅ ቀስ ብሎ ደገመላቸው። እንደገና ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ለአዲሱ ድምፅ አልገራ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ አራተኛ ጊዜ። እማዋይሽ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። እኚያን ኩሩ ሽማግሌ፣ አንደኛ ክፍል እንደገባ ልጅ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከጴጥሮስ አፍ ላይ ሳይነቅሉ የአንዲትን እናት ሰላምታ ሲለማመዱ ስታያቸው እንባዋ በጉንጮቿ ወረደ። አልጠረገችውም። ፍቅር ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን እስከዚያች ቅጽበት አታውቅም ነበር፤ አውቃም መሸከም ከበዳት።